«የኮሮና ልጅ ስለሆነ ነው» ብላችሁ አትለፉት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቀዳማይ ልጅነት

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ስለተወለዱ፣ ወይም ያኔ ገና ጡት ላይ ስለነበሩ ልጆች የሚጠይቁ ናቸው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በቀን ሥራ፣ በጉልት፣ በልብስ አጠባ የሚያድሩ ቤቶች ገቢያቸው የነጠፈው ያን ሰሞን ነው። ቫይረሱ ሕፃናትን ከአዋቂ ይልቅ ቀለል አድርጎ ነበር የሚያልፋቸው። የበለጠ የጎዳቸው በዙሪያቸው የተቋረጠው ነገር ነው፤ ምግቡ፣ ወሬው፣ ጨዋታው፣ ክትባቱ፣ የወላጅ የአእምሮ ዕረፍት። አብዛኛው ዛሬም ይካሳል። አንዳንዱ ግን ከኮሮና ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ምርመራ የሚፈልግ ችግር ሆኖ ሳለ «የኮሮና ልጅ ስለሆነ ነው» እየተባለ ዓመታት ያልፉታል። ይህ በጣም ያሳስበናል።

ጥያቄ፦ ልጄን የወለድኩት ሚያዝያ 2012 ነው። ልብስ የማጥብላቸው ቤቶች ሁሉ «ለጊዜው ቅሪ» አሉኝ። ሥራው ሲመለስልኝ ልጁን ለጎረቤቴ ለአንዲት ትልቅ ሴት እየተውኩ እሄድ ነበር፤ እሳቸውም ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጡታል። አሁን መምህሩ «ስጠራው አይመልስም፣ አይናገርም፣ ከልጆች ጋር አይጫወትም» አለኝ። ቤት ውስጥ አጭር አጭር ነገር ይናገራል። ነፍሰ ጡር ሳለሁ ክፉኛ ሳል ይዞኝ ነበር። ኮሮና ይሆን ያበላሸው? (እናት፣ ከጉለሌ)

መልስ፦ ከሥጋትዎ እንጀምር። ኒው ዮርክ ውስጥ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 255 ሕፃናትን በስድስት ወራቸው ተመልክተው ነበር። በእርግዝና ጊዜ ኮሮና በያዛቸውና ባልያዛቸው እናቶች ልጆች መካከል የዕድገት ልዩነት አላገኙም። ሁለቱም ወገን ግን ከወረርሽኙ በፊት ከተወለዱት ጋር ሲነጻጸሩ በእንቅስቃሴና ከሰው ጋር በመግባባት በጥቂቱ ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። አየርላንድ ውስጥ ደግሞ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ሦስት ወራት የተወለዱ 309 ልጆች ዓመት ሲሞላቸው፣ አንድ ትርጉም ያለው ቃል ይናገሩ የነበሩት ከመቶ 77 ናቸው፤ ከእነሱ ቀደም ብለው ከተወለዱት ግን 89። በጣት የሚጠቁሙትና እጃቸውን አወዛውዘው የሚሰናበቱትም ቀንሰዋል። የሚድሁት እንዲያውም በዝተዋል። እንግዳ በማይገባበት ቤት «ቻው» የሚባል ሰው የለም፤ ወለሉ ግን አለ።

እንግዲህ ይህ በአንድ ዓመት ልጆች ላይ የታየ መጠነኛ መዘግየት ነው። አምስት ዓመት ያለፈው ልጅ አጭር አጭር ብቻ የሚናገር ከሆነና ሲጠራ የማይመልስ ከሆነ ግን ኮሮናን ለጊዜው እንተወውና ጆሮውን እንፈትሽ። በከፊል የማይሰማ ልጅ በር ሲላተም ይደነግጣል፣ ዘፈን ሲከፈት ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ቤተሰቡ «ይሰማል» ይላል። የንግግር ድምፆች ግን ተቆራርጠው ነው የሚደርሱት። ጫጫታ ባለበት ክፍል ደግሞ ጭራሽ ይጠፉበታል።

ቤት ውስጥ እንዲህ ይሞክሩ። ጸጥ ባለ ሰዓት ልጁን ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርገው ያስቀምጡትና አንድ ክንድ ያህል ርቀው ከኋላው ይቁሙ። «የምለውን ድገም» ይበሉት። የግራ ጆሮውን በር ላይ ያለችውን ትንሽ ለስላሳ ጉብታ በጣትዎ ቀስ ብለው እየተጫኑ ይድፈኑና በሹክሹክታ አንድ አንድ ቃል ይበሉ፤ ዳቦ፣ ውሻ፣ ጫማ፣ ውሃ፣ ድመት፣ ቤት። ከዚያ በሌላው ጆሮ በሌሎች ቃላት ይድገሙ። በአንዱ ጆሮ ከስድስቱ ግማሹን እንኳ መድገም ካቃተው ምርመራ ያስፈልገዋል። ፊትዎን ካየ ግን ሙከራው ዋጋ የለውም፤ ከንፈር አንብቦ ይመልሳልና። ለመድገም እምቢ ቢል «ደህና ነው» ብለው አይደምድሙ። በሙከራው ቢያልፍም መምህሩ የነገሩዎት ብቻ ለምርመራ በቂ ምክንያት ነው።

ከጆሮው መግል የሚወጣ ከሆነ ይህ ዋነኛው ምክንያት ሊሆን ይችላል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው በቀን ሦስት ጊዜ እስኪደርቅ ድረስ እየቀያየሩ ያድርቁለት፤ ሳይዘገዩም ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ዘይት፣ ቅቤ፣ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ አይጨምሩበት። «ምላሱ ታስሯል» ወይም «እንጥሉ ይቆረጥ» የሚልዎት ሰውም አይጠፋም። እንጥል ከመናገር መዘግየት ጋር አይገናኝም፤ መቆረጡ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያስከትላል። እባክዎ አያስነኩት።

ጤና ጣቢያው ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል እንዲልክዎት ይጠይቁ። የጤና መድን ካለዎት የሪፈር ወረቀቱን ሳይዙ አይሂዱ፤ ያለ እሱ ወጪው በእርስዎ ላይ ይወድቃል። መስማቱ ደህና ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ቀጥሎ የሚታየው ከሰው ጋር ያለው ግንኙነት ነው። የሚፈልገውን በጣቱ ያመለክታል? ያስደሰተውን ነገር ሊያሳይዎት ዞር ብሎ ያይዎታል? እያስመሰለ ይጫወታል? እነዚህ ከሌሉ፣ ወይም አንድ ጊዜ ይናገር የነበረውን ከተወ፣ የሕፃናት ሐኪም ያስፈልገዋል። የኦቲዝም ጥርጣሬ ካለ አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ እና ነህምያ የተባሉ ማዕከላት አሉ።

ለማነጻጸር እንዲረዳዎት፣ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክስተት ያለበት ታሪክ ይናገራል፣ ሦስት አራት ጊዜ የሚመላለስ ወሬ ያወራል፣ እስከ 10 ይቆጥራል፣ ተራ ይጠብቃል፣ በአንድ እግሩ ይዘላል። «ር»ን እንደ «ል» መጥራት ብቻውን አያስጨንቅ።

ምርመራው እስኪደርስ ድረስ ወሬውን ዛሬውኑ ይጀምሩ። ለብቻው ጊዜ አያስፈልገውም፤ ሥራዎ ላይ ይሁን። ልብስ ሲያጥቡ ከጎንዎ አስቀምጠው ካልሲዎቹን ይስጡት። «ካልሲ» ሲል «አዎ፣ ጥቁር ካልሲ ነው፤ የማን ነው?» ይበሉና ዝም ይበሉ። በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ቃሉን ፍለጋ ላይ ሳለ ራሱ መልሶለት ያልፋል። የተሳሳተውን «እንዲህ አይባልም» ከማለት አስተካክለው ይድገሙለት። እንግዳ ፊት «በል ንገራቸው» ብለው አይፈትኑት፤ ታላቅ እህቱም በእሱ ፋንታ አትመልስ። ማታ ማታ አንድ ተረት ይንገሩት፤ ነገም ያንኑ ይድገሙለት፤ ልጅ ቃል የሚይዘው ከተደጋገመ ተረት ነው። «እንቆቅልህ?» ሲሉት «ምን አውቅልህ» ማለት ከጀመረ ተራ ተቀብሎ ማውራትን እየተለማመደ ነው። ቴሌቪዥን መልስ የማይጠብቅ ተናጋሪ ስለሆነ ይህን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ጭራሽ እንዳይታይ ይመክራል።

ጥያቄ፦ ጫኝና አውራጅ ነኝ። ትልቁ ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፤ በኮሮና ጊዜ ሥራ ስላልነበረ በሽሮና በእንጀራ ነው ያደገው። ቁመቱ ከእኩዮቹ በጣም ያንሳል። ታናሹ 10 ወሩ ነው። አንድ ጓደኛዬ የቆርቆሮ ዱቄት ወተት ግዛላቸው አለኝ። ይጠቅማል? (አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ይህ ችግር የእርስዎ ቤት ብቻ አይደለም። ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት፣ በ2011 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች ከመቶ 37ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። ኮሮና የመጣው በዚህ ላይ ነው።

መቀንጨር በዋነኝነት የሚፈጠረው ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ባሉት 1000 ቀናት ነው። ስለዚህ እውነቱን እንንገርዎት፤ የትልቁ ልጅ ቁመት በተሻለ ምግብ በጥቂቱ ሊሻሻል ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ መመለሱ ግን አጠራጣሪ ነው። አእምሮው ግን ገና እያደገ ነው፤ ወሬ፣ ጨዋታና ትምህርት ብዙ ይጠቅሙታል። ስኳር የበዛበት ነገር እየሰጡ «ይርዘም» ማለት ጥርሱን ከመጉዳት ሌላ ፋይዳ የለውም። ትልቁ ትርፍ ያለው የ10 ወሩ ልጅ ላይ ነው፤ የእሱ 1000 ቀናት ገና አላለቁም። እናቱ ጡት ታጥባው፣ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ።

የዱቄት ወተቱን ይተዉት። በኪሎው ዋጋ ብዙ እንቁላል ይገዛል፤ ደግሞም ገንዘብ ሲያጥር እየቀጠነ ይበጠበጣል፣ ውሃውና ጡጦው ንጹሕ ካልሆነ ያስቀምጣል። በምትኩ ይህን ያዘጋጁ።

ሦስት ኩባያ እህል ይውሰዱ፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ ወይም በቆሎ፣ ሁለቱን ቢቀላቅሉ ይሻላል። አንድ ኩባያ ሽምብራ ወይም ባቄላ ሌሊቱን ዘፍዝፈው ያሳድሩና ያድርቁት፤ ቆልተው፣ ከክተው ገለባውን ያስወግዱና ከእህሉ ጋር ያስፈጩ። ጓያ በፍጹም አይግባበት። ርካሽ ስለሆነ ከሽሮ ጋር ይቀላቀላል፤ ሲዘወተር ግን እግር ያሽመደምዳል። የሻገተ በቆሎም ለቅሞ መጠቀም ሳይሆን መጣል ነው፤ መርዙ በመቀቀል አይጠፋም።

ገንፎው ቢያንስ 15 ደቂቃ ይብሰል። ሊወርድ ሲል በደቀቀ የተከተፈ ጎመን ወይም የተፈጨ ዱባ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የተመታ እንቁላል ይጨምሩና እንቁላሉ እስኪበስል ያማስሉ። አዮዲን ያለው ጨው ቁንጥር ብቻ፣ መጨረሻ ላይ። ውፍረቱን በማንኪያ ይለኩ፤ ማንኪያው ሲዘነበል ቶሎ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል። ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቀጭን አጥሚት ትንሿን ሆድ በውሃ ይሞላና ልጁ «ጠገበ» ይባላል። ልጁ ወፍራሙን አልውጥ ካለ ውሃ አይጨምሩ። ወርዶ ለብ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ያማስሉበት፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይላላል። ከዚያ እንደገና ያፍሉት።

መጠኑ ከ9 እስከ 11 ወር በእያንዳንዱ ማዕድ የ250 ሚሊ ሊትር ኩባያ ግማሽ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ነው። ዓመት ሲሞላው ወደ ሦስት አራተኛ፣ ቀስ በቀስም ወደ ሙሉ ኩባያ ከፍ ይበል። በመሃል ሙዝ ወይም ዳቦ አንድ ሁለት ጊዜ። የራሱ ሳህን ይኑረው፤ ከትልልቆቹ ጋር በአንድ ትሪ ሲበላ ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ሻይ ለሁለቱም አይስጡ፤ ከምግቡ ጋር ሲጠጣ ብረት ማዕድን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል። በጾም ወራት ደግሞ ቤቱ ሁሉ ስለሚጾም ብቻ የልጅ እንቁላል የሚቋረጥበት ቤት ብዙ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም የለበትም። የሚቸግረው ድስት መነካካቱ ከሆነ ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለብቻ ያድርጉለት።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የ10 ወሩን ልጅ ክንድ እንድትለካ ይጠይቋት። ከ6 እስከ 59 ወር ባለ ልጅ ልኬቱ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ክትትል፣ ከ11.5 በታች ከሆነ ሕክምና ይፈልጋል። በሁለቱም እግሮቹ ጀርባ ላይ ለሦስት ሰከንድ ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነ ግን ልኬት ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ልጄ ያኔ ጤና ጣቢያ መሄድ ስለፈራን የ9 ወሩ ክትባት አልፎታል፤ ካርዱም ጠፍቷል። እንደ አዲስ ይጀምራል? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይጀምርም። ያመለጠው ካለበት ይቀጥላል እንጂ የተወሰደው አይደገምም። ካርዱ ቢጠፋም የተከተበበት ጤና ጣቢያ መዝገብ አለው፤ የተወለደበትንና የተከተበበትን ወር ይንገሯቸው። መዝገቡ ካልተገኘ እንዳልተከተበ ቆጥሮ መስጠት ይሻላል። የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ ዘግይቶ የጀመረ ልጅ በሁለቱ መካከል ቢያንስ አራት ሳምንት ይጠብቃል። እንደ ሮታ (የተቅማጥ ክትባት) ያሉት ግን የሚሰጡበት ዕድሜ ስላለፈ አይሰጡትም። ኩፍኝ ዓይንና ጆሮን ሊጎዳ የሚችል በሽታ ስለሆነ ይህን ሳምንት እንኳ አያሳልፉ።

ጥያቄ፦ የልጄን ልጅ አሳድጋለሁ። እናቷ ዐረብ አገር የሄደችው ልጅቷ በ8 ወሯ ነው፤ በዓመቷ ልትመጣ ነበር፣ በኮሮና በረራ ቆመ፣ ከዚያ ወዲህም አልሆነላትም። ልጅቷ አሁን ስድስት ልትደፍን ነው። ከቀሚሴ አትለቅም፣ ሌሊት ትሸናለች፣ እናቷ በኢሞ ስትደውል ወይ ትደበቃለች ወይ ስታለቅስ ታድራለች። ጅብ ይበላሻል ብላት እንኳ አትሰማም። ምን ላድርግ? (አያት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅቷ ከቀሚስዎ የማትለቀው ያለችላት እርስዎ ስለሆኑ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም። አንድ የሚያምኑት ሰው ያላቸው ልጆች ከዚህም የከፋውን ያልፋሉ። ስለዚህ አያባርሯት፤ ይልቅስ መለያየትን በትንሽ በትንሹ ያለማምዷት። «ሱቅ ሄጄ መጣሁ» ብለው ነግረዋት ይውጡ፣ በአምስት ደቂቃ ይመለሱ፣ ሲመለሱም «መጣሁ፣ እንዳልኩሽ» ይበሏት። ከዚያ 10፣ ከዚያ 20 ደቂቃ። ስታይ እንዳታለቅስ ተብሎ ተደብቆ መውጣት ነገሩን ያብሰዋል፤ በማንኛውም ሰዓት ሊጠፉባት እንደሚችሉ ያስተምራታልና ዓይኗን ከእርስዎ አትነቅልም። «ጅብ ይበላሻል»ንም ይተዉት። ሌሊት ለምትፈራ ልጅ ፍርሃት መጨመር ነው።

ሌሊት መሽናት በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ በሽታ አይደለም፤ አምስት ዓመት ከሞላቸው ልጆች ከመቶ 15 ያህሉ ገና ይሸናሉ። የምትጠጣውን ውሃ ቀን ላይ ያብዙላት፣ ከእራት በኋላ ይቀንሱ፣ ልትተኛ ስትል ትሽና፣ ፍራሹ ላይ ላስቲክ ያንጥፉ። ጠዋት አንሶላውን አብራችሁ አውጡት፤ ለጎረቤት አይነገር፣ አትገረፍ። ግርፋት ሽንት አያቆምም። ስድስት ወር ያህል ደርቃ ቆይታ እንደገና ከጀመረች፣ ስትሸና ካቃጠላት፣ ወይም ውሃ እየጠማት ከከሳች ግን የሽንትና የስኳር ምርመራ ያስፈልጋታል።

የኢሞው ነገር እንዲህ ይሁን። ቀንና ሰዓቱ የታወቀ ይሁን፤ ለምሳሌ እሑድና ረቡዕ ከእራት በፊት፣ ለ10 ደቂቃ። ከመኝታ ሰዓት ይራቅ። ልጅቷ የምታሳያት አንድ ነገር ቀደም ብላ ትያዝ፤ የሣለችውን፣ የተሠራችውን ሹሩባ። እናትየዋም «ናፈቅሽኝ» ብላ ከማልቀስ አንዲት አጭር ተረት ትንገራት፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ረቡዕ። ከተደበቀች አይጎትቷት፤ ስልኩን ከፍተው እርስዎ ያውሩ፣ ከጀርባ ትሰማለች። የምትመጣበት ቀን በእርግጥ ካልታወቀ «ለፋሲካ ትመጣለች» አይበሏት። «ሥራ ላይ ናት፣ ትወድሻለች፣ ቀኑ ሲታወቅ እነግርሻለሁ» በቂ ነው። እናትየዋ የምትመጣበት ቀን ሲደርስም ልጅቷን የመጀመሪያው ሌሊት ከእርስዎ አይለዩዋት፤ ሦስታችሁም አብራችሁ እደሩ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ የሌሊት ሥራ አለኝ። ልጃችን የተወለደው በወረርሽኙ ጊዜ ነው፤ አምስት ዓመት እስኪሞላው ዩቲዩብ ሲያይ ነው ያደገው። ትምህርት ቤቱ «ይመርመር» የሚል ደብዳቤ ላከ። ልጃችንን «ችግር ያለበት» ብለው እንዳይመዘግቡብን ፈራን። አማርኛውንስ እንተው? (እናት)

መልስ፦ አማርኛውን አትተዉት። ሁለት ቋንቋ የንግግር መዘግየት አያመጣም፤ የሚጎዳው እናት በደንብ በማትችለው ቋንቋ እየተቆራረጠች ስታወራው ነው። መዘግየት በእውነት ካለ በሁለቱም ቋንቋ ይታያል። ስለዚህ ምርመራው በአማርኛም እንዲደረግ፣ አስተርጓሚም እንዲመደብላችሁ ጠይቁ፤ ሁለቱም መብታችሁ ነው፣ ክፍያ የለውም። ታላቅ ልጃችሁ አስተርጓሚ አይሁን።

ለደብዳቤው ስትመልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ ቀኑን ጻፉበት፣ ቅጂውን አስቀሩ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ወላጅ ፈቃዱን ከሰጠበት ቀን ጀምሮ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ክፍለ ግዛቶች የራሳቸውን ገደብ ማውጣት ይችላሉ። ምርመራውን መፍቀድ ማለት ልዩ ትምህርቱን መቀበል ማለት አይደለም፤ ለእሱ ሌላ ፊርማ ይጠየቃል፣ ፈቃዳችሁንም በኋላ ማንሳት ትችላላችሁ። ምዝገባውን የፈሩ ብዙ ወገኖቻችን ደብዳቤውን ኪስ ውስጥ ያስቀሩታል። ልጁ ግን በሁለተኛ ክፍል ማንበብ ሲያቅተው ያው ደብዳቤ ይመጣል፤ ያኔ የዓመታት ነፃ እርዳታ አልፎታል። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ታናሽ ካላችሁና ከጠረጠራችሁ ደግሞ ትምህርት ቤት ሳይጠበቅ የሚሰጥ የጨቅላ ሕፃናት አገልግሎት አለ፤ ሐኪሙን ጠይቁት ወይም ራሳችሁ ደውሉ።

ጥያቄ፦ የኦ ክፍል መምህርት ነኝ። 58 ሕፃናት አሉኝ። ግማሾቹ እርሳስ አይዙም፣ መቀመጥ አይችሉም፣ አንዳንዶቹ እናታቸው ስትሄድ ይጮኻሉ። ርእሰ መምህሩ ደግሞ በሦስት ወር ፊደል ይጨርሱ ይላል። ከምን ልጀምር? (መምህርት፣ ከደቡብ ጎንደር)

መልስ፦ ከእጃቸው ይጀምሩ። እርሳስ የማይዝ ልጅ ፊደል እንዲጽፍ ማስገደድ ሦስት ወሩን ያቃጥላል። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት እርሳስና ደብተር ይቆይ። ጭቃ ያብኩ፤ ልጆቹ እባብ፣ ኳስ፣ ምጣድ ይሥሩበት። በሽቦ ወይም በጠንካራ ሲባጎ ላይ የተበሳ ቆርኪ ይሰኩ። አሸዋ ላይ በጣት መስመርና ክብ ይሣሉ። በአምስተኛው ሳምንት ጠመኔ ሲሰጡ ሙሉውን አይስጡ፤ የአንድ አውራ ጣት ጥፍር ያህል እያሳጠሩ ሰባብረው ይስጡ። አጭር ጠመኔ በጭብጥ አይያዝም፤ ልጁ ሳይነገረው በሦስት ጣቱ ይይዘዋል።

58 ልጅ በአንድ ላይ አይሰማም። በአራት ቡድን ይክፈሏቸው፤ አንዱ ጭቃ፣ አንዱ ቆርኪ መቁጠርና መደርደር፣ አንዱ አሸዋ፣ አንዱ ከእርስዎ ጋር ተረት። በየ15 ደቂቃው በአንድ የታወቀ መዝሙር ይቀያየሩ። በመጀመሪያው ሳምንት መቀያየሩ ብቻ ትርምስ ይሆናል፤ አይተዉት፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይለምዱታል። ትልልቅ ተማሪዎች ታናናሾችን የሚያጫውቱበት አሠራር በቅድመ መደበኛ ትምህርት ውስጥ የታወቀ ነው፤ ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል በየቀኑ አራት ተማሪ እንዲመድቡልዎ ርእሰ መምህሩን ይጠይቁ። ትንንሽ ልጆች ጥራጥሬ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከትታሉና ለመቁጠሪያ ባቄላና ሽምብራ አይጠቀሙ፤ ቆርኪ ይሻላል።

ፊደሉን በተመለከተ ለርእሰ መምህሩ ይህን ያሳዩት። «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ያለ ስሕተት የሚለውን ልጅ ይጥሩና ከመሃል «ሚ»ን ብቻ ለይተው ያሳዩት። ብዙዎቹ ከ«መ» ጀምረው ካልዘመሩ አያውቁትም። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልያዙም። ስለዚህ ከድምፅ ይጀምሩ፤ ሰ-ላ-ም እያሉ በጭብጨባ ይቁጠሩ፣ በ«ሰ» የሚጀምር ሌላ ምን አለ ይበሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በካርቶን ይያዝ። በቀን አንድ ወይም ሁለት፣ ቅደም ተከተሉን እያዛቡ። 231ዱን መጨረስ የአንደኛ ክፍል ሥራ ነው።

ለሚጮኸው ልጅ እናቱ ተደብቃ አትሂድ። በር ላይ አንድ ጊዜ ትሰናበተው፣ «ደወል ሲደወል እመጣለሁ» ትበለው፣ ትሂድ፤ ተመልሳ በመስኮት አትይ። የእናቱን ነጠላ ቁራጭ ይዞ ቢውል ምንም አይደለም። ቁርስ ሳይበላ የሚመጣውንም ይለዩ፤ ረፋድ ላይ የሚተኛ ወይም የሚነጫነጭ ልጅ ብዙ ጊዜ ተርቦ ነው፣ ጠባዩ ተበላሽቶ አይደለም።

በየቀኑ አምስት ልጆች ብቻ መርጠው በጨዋታ መሃል ይመልከቱና አንድ አንድ መስመር ይጻፉ፤ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል ወይ፣ ሁለት ነገር በአንዴ ሲታዘዝ ይፈጽማል ወይ፣ ተራ ይጠብቃል ወይ፣ ምን ይላል። በ12 የትምህርት ቀን ሁሉንም ይጨርሳሉ። ከሁለት ወር በኋላ ይድገሙት። አብዛኞቹ መስመራቸው ተቀይሮ ያገኙታል፤ ጨዋታና ወሬ ነበር የጎደላቸው። ያልተቀየረላቸውን ስማቸውን ለይተው ወላጆቻቸውን ይጥሩ፤ ከላይ ለጉለሌዋ እናት የጻፍነውን የጆሮ ሙከራ አብረዋቸው ያድርጉና በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ይላኳቸው።